ግለኛው ሆዴ

ስለ ሆድ ያልተባለ ነገር የለም። ሆደ ሰፊ ይባላል፣ ሆደ ባሻ ይባላል፣ ሲጨንቅ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ይባላል። ሆዱ ግለኛ ነው ተብሎ የቀበሌ ሴቶች የተወያዩበት ሰው ግን ከእኔ በቀር አለ ቢሉኝ አላምንም። ካለም ይምጣና ጎን ለጎን ተቀምጠን እንተዛዘን።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ዲላ፣ ሙሽራ ሆኜ በገባሁበት ቤት። እናቴን ሳላውቃት ነው ያደግኩት፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ጽጌ ናት፣ ይርጋጨፌ። የአክስቴ ባል የጌዴኦ ሰው ስለሆነ ቤታችን የቆጮና የቡላ ቤት ነበር። ዳቦ የምናየው ለዓመት በዓል ነው፤ እሱም ቢሆን እንግዳው ቀድሞን ያየዋል። ባሌ ታደሰ ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ቡና ጭኖ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። እኔን ያገኘኝ ቡና ስለቅም ነው፤ ቡናውን ትቶ እኔን ጫነ እያሉ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ጭኖም ያወረደኝ እናቱ ቤት ነው።

እናቱ እማማ ዘነበች ከመንዝ መጥተው ዲላ ከከተሙ ጸጉራቸው ሸብቷል። ሆዳቸው ግን ከመንዝ አልወጣም። ለእሳቸው እህል ማለት ገብስና ስንዴ ነው፣ የቀረው ማባያ ነው። ጠዋት ቅንጬ፣ ረፋዱ ላይ ቆሎ፣ እንጀራቸው እንኳ ጤፍ ከገብስ የተቀየጠ። ድፎ ዳቧቸውን ሲቆርሱማ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር አፍንጫውን ወደ እኛ ቤት ያቀናል። "ብዪ ልጄ፣ ጎንሽ ገና አልጠነከረም" እያሉ ያጎርሱኛል። ሙሽራ አፍ አላት እንጂ አንደበት የላትም፤ እበላለሁ።

ብዙም ሳልቆይ ሆዴ ከበሮ ሆነ። መንፋቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይጮኻል፣ ያጓራል፣ ከዚያም ወደ ጓሮ ያስሮጠኛል። ስለ ሩጫው ብዙ አልናገርም፣ አንባቢም ምሳውን እየበላ ሊሆን ይችላል። ሆዴ እያበጠ ሲሄድ ሌላው አካሌ ከሳ። ከፊት ያየኝ "ወንድ ነው" ይላል፣ ከኋላ ያየኝ "ነፍስ ይማር" ይላል።

እማማ ዘነበች ከፊት ካዩኝ ወገን ነበሩና ነፍሰ ጡር ናት ብለው ገንፎ ያገነፉልኝ ጀመር። እርግዝና አለመሆኑ ሲታወቅ፣ እንግዲያው በሽታ ነው ብለው አጥሚት። አጥሚቱ ሲያብስብኝ በሶ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በታመምኩ ቁጥር መድኃኒቱ ይጨመርልኛል፣ መድኃኒቱ በተጨመረ ቁጥር እታመማለሁ። አሁን ሲወራ ለሕፃን ልጅ እንኳ ይገባዋል። ያኔ ግን ሁላችንም ድስቱ ውስጥ ስለነበርን ድስቱን ያየው የለም።

ኮሶ ጠጣሁ፤ ትል አልወጣም፣ እኔ ልወጣ ትንሽ ቀረኝ። ጤና ጣቢያ የአሜባ ክኒን ሰጡኝ፤ አሜባው ሳይሆን አይቀርም የሳቀብን። ጠበል ሄድኩ። እዚያ ምግቤ ውሃ የነካው ጥሬ ሽምብራ ብቻ ነበር፤ ዳንኩ! የተጠናወታት ነገር ለቀቃት ተባለ። እማማ ይህን ሲሰሙ እልል ብለው፣ ድፎ ደፍተው በራፍ ላይ ጠበቁኝ። በማግስቱ ያው ጓሮ። አክስቴን ልጠይቅ ይርጋጨፌ ሄድኩ፤ ቆጮ በጎመን በላሁ፣ ጉንጬ ሞላ። ዲላ ተመለስኩ፤ ጉንጬ ጠፋ።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወሬ ከሰማች ምጣድ ላይ እንዳለ ተልባ የምትንጣጣ ሴት ናት። ይህን ሁሉ ከአጥሯ ማዶ ስትከታተል ቆይታ ፍርዷን ሰጠች። "ጠበል ስትሄድ ትድናለች። አክስቷ ዘንድ ስትሄድ ትድናለች። እዚህ ቤት ስትገባ ትወድቃለች። እኔ እንኳ ምንም አላልኩም፤ ግን እጅ ነው!"

እጅ ማለት የእማማ እጅ ማለት ነው። ወሬው ይርጋጨፌ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደረሰ። አክስቴም "ልጄን በእህል እያሳበበች የምትጨርስ አማት ዘንድ አላስቀምጥም። ካልሻላት መጥቼ እወስዳታለሁ" ብላ ላከች።

እንግዲህ ጭንቄ ይኸው ነበር። ባሌን እወደዋለሁ። እማማንም እወዳቸዋለሁ፤ ስታመም ከእኔ እኩል የሚከሱት እሳቸው ነበሩ። ሆዴ ግን ከሁለቱም ሊያፋታኝ ነው፤ አልፎ ተርፎ የአንዲት ደግ ሴት ስም መርዘኛ ተብሎ ሊቀር ነው። "ሆስፒታል ውሰዱኝ" አልኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያኔ ከኩባ የመጣ ሐኪም ነበር፤ ከአፉ ይልቅ እጁ የሚናገር፣ ፈገግተኛ ሰው። የሚያስተረጉምለት ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር ነው። የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሐኪሙ እንግሊዝኛ ግማሽ፣ የድሬሰሩም ግማሽ። ሁለት ግማሽ አንድ ይሆናል ያለ ሰው እነዚህን ሁለቱን አላየም።

ሐኪሙ ሆዴን እንደ ሐብሐብ አንኳኳው፣ የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየ፣ ከዚያ ምን እንደምበላ ጠየቀ። እማማ በኩራት ዘረዘሩለት። ቅንጬ ሲባል ቅንድቡ ከፍ አለ፣ ገንፎ ሲባል ግንባሩ መሃል ደረሰ፣ በሶና ድፎ ዳቦ ሲባል ጸጉሩ ውስጥ ገባ። ጠረጴዛውን መታና "ግሉተን! ግሉተን!" አለ።

"ምን አለ?" አሉ እማማ።

ድሬሰሩ ግንባሩን አሸት አደረገ። ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ከነጭ ጋዋን ጋር አይሄድም። በዚያን ሰሞን በየስብሰባው የሚወገዘውን ነገር አስታወሰ መሰለኝ ፊቱ በራ።

"ግለኝነት ነው የሚሉት። ሆድሽ ውስጥ ግለኝነት አለ።"

"ምን አለ?"

"ግለኝነት፣ እማማ። ለእኔ ብቻ ማለት።"

እማማ ከወንበራቸው ተነሡ። "እኔ ቤት አልያዛትም! እኔ ቤት ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ይዛው ከመጣች ከይርጋጨፌ ነው!"

ሐኪሙ እንዳልተግባባን ገባውና ወረቀት ስቦ ሥዕል ሣለ። ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ወፈር ያለ ነገር፣ ዙሪያውን ረጃጅም ጠጉር። በላዩ ላይ በትልቁ የኤክስ ምልክት አደረገበት። ሦስታችንም አጎንብሰን አየነው። ዛሬ ሳስበው የገብስ ዛላ ነበር። የመንዝ ሴት ገብስ እንዴት ጠፋት እንዳትሉ፤ ገብስ ኤክስ ይደረግበታል ብሎ የመንዝ ሰው በሕልሙም አያስብም። እማማ ትንሽ አተኩረው አዩና ደረታቸውን መቱ።

"አባጨጓሬ! አባጨጓሬ በልታለች ነው የሚለው! ጎመኑ ውስጥ ነው!"

ድሬሰሩ "ጨጓራ" የምትለዋን ድምፅ ሲሰማ ሕክምና ውስጥ እንዳለን እርግጠኛ ሆነ። "አዎ፣ አባጨጓሬ ጨጓራ ይነካል" ብሎ አጸደቀ። ሐኪሙም ሁላችን ራሳችንን ስንነቀንቅ አይቶ፣ ገባቸው ብሎ ተደስቶ አሰናበተን።

በዚሁ መሠረት ጎመን ተከለከልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የሚስማማኝ አንድ ነገር ቢኖር ጎመኑ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባጨጓሬ የማይደርስበት ንጹሕ ምግብ ተብሎ ቁርሴም ምሳዬም እራቴም ዳቦ ሆነ።

ግለኝነቱ ደግሞ በአጥር ዘልሎ ወጣ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሯ ጓድ አልማዝ ተነሣችና ድምጿን ሞረደች። "አንዲት እህታችን ሆዷ ውስጥ ግለኝነት ተገኝቷል። አሉባልታ አይደለም፤ በጓድ ሐኪም ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው።"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ሆዴን አዩት። እኔም አየሁት፤ ነፍቶ ተቀምጧል፣ እውነትም ንብረት ያከማቸ ይመስላል።

"ይተላለፋል?" አለች አንዷ፣ አጠገቤ የነበረችው፣ ቀሚሷን ወደ ራሷ እየሰበሰበች።

"ካልታረመ ይተላለፋል።"

"እንዴት ነው የሚታረመው?"

"በጋራ ሥራ!"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ።

የማኅበሩ የጋራ ሥራ ምን ነበር? ዳቦ ቤት! ሊጥ አቡኪ ተባልኩ። ዱቄቱ በአፍንጫዬ ይገባል፣ በአፌ ይገባል፣ የተሰበረ ዳቦ ሲተርፍ "የጋራ ነው፣ ብዪ እንጂ፣ ገና ግለኝነቱ አለቀቀሽም?" እየተባልኩ እበላለሁ። ከግለኝነት እየጸዳሁ ስሄድ ሥጋዬም አብሮ ጸዳ። አንድ ጠዋት እያቦካሁ ዓይኔ ጨለመና ቡኮው ላይ ተደፋሁ። ፊቴ ሊጡ ላይ ታትሞ ቀርቶ ነበር አሉ። ጋግረውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

ተደግፌ ቤት ስደርስ ታደሰ ከመንገድ ገብቷል፤ አክስቴ ጽጌም እንዳለችው መጥታ ግቢው መሃል ቆማለች።

"ልብሷን አውጡልኝ" አለች፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

"ኧረ አረፍ በይ፣ መንገደኛ ነሽ፣ እህል ቅመሺ" አሉ እማማ።

"እዚህ ቤት እህል? ይቅርብኝ!"

የእማማ ፊት በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ። "እኔን ነው? ልጅሽን የምገድላት እኔ ነኝ?"

"እንደሱ አልወጣኝም። እርስዎ ዘንድ ትታመማለች፣ እኔ ዘንድ ትድናለች። ሌላ ትርጉም ካለው ይንገሩኝ።"

"እንግዲያው ቆጮሽ መድኃኒት፣ ዳቦዬ መርዝ ነው በይኛ!"

ይህን የተናገሩት በንዴት ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉ እውነቱን የተናገረ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም አላወቁት።

ታደሰ የኤንትሬውን በር ከፈተ። "ሁለታችሁም መኪናው ላይ ውጡ። የምትጣሉት ሐኪሙ ፊት ነው።" ጋቢና ውስጥ እኔን መሃል አስገብተው ተጠጋጉ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በእኔ ላይ ተደርበው ይተቃቀፋሉ፣ ሲወጣ ተኮራርፈው ይስተካከላሉ።

ሐኪሙ ሲያየኝ ራሱን ያዘ። ድሬሰሩ አፉን ሊከፍት ሲል እጁን ዘርግቶ አስቆመውና ወጥቶ ሮጠ። ከበሽተኞች ማእድ ቤት አንድ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። ዳቦውን ከፍ አድርጎ አሳየን። ገመጠ። አኘከ። ከዚያ ሆዱን ያዘ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ምላሱን አውጥቶ ሞተ። እማማ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። ሙቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ጋዋኑን አራገፈ፤ አክስቴ ለእኔ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን ቆጮ ተቀብሎ፣ አሽትቶ፣ ምንነቱን ከድሬሰሩ ጠይቆ ጎረሰ። ጎርሶም ሆዱን መታ መታ አደረገና ወገቡን እያወዛወዘ ክፍሉን በጭፈራ ዞረው።

ያለ አስተርጓሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ተግባባን።

አክስቴ የረታችው እሷ ናት፤ አላልኩም ነበር ልትል ወደ እማማ ዞራ ሳለ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

"ዳቦዬ ነው?" አሉ እማማ፣ ድምፃቸው የሕፃን ሆኖ።

"ዳቦው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም" አለች አክስቴ።

"የጋገርኩት እኮ እኔ ነኝ።"

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ ድሬሰሩም፣ አሁን ጠንቀቅ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቆ አስተረጎመ። እርግጡ የሚታወቀው አዲስ አበባ በሚደረግ የአንጀት ምርመራ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ዳቦ መብላቴን እንዳላቆም፤ ካቆምኩ አንጀቴ ይድንና በሽታው ሳይታይ ይቀራል።

"ዳቦ ይጎዳታል አላለም?" አሉ እማማ።

"ብለዋል።"

"አትብላ አላለም?"

"ብለዋል።"

"አሁን ደግሞ ትብላ?"

"አዎ፣ እማማ። አትብላ ለመባል መጀመሪያ ትበላለች።"

እማማ ወደ ታደሰ ዞረው "ልጄ፣ ያኛው ግለኝነት ይሻል ነበር" አሉ።

የባሰውን አስቡት። ዳቦ እንደሚጎዳኝ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እማማ ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ ብርቄ በአጥር እያየች፣ ዳቦ ሊያጎርሱኝ ነው። አክስቴ ልትጠብቀኝ እዚያው ቀረች። እማማ ሲቆርሱ ያማትባሉ፣ ሲያጎርሱኝ ያለቅሳሉ።

"አነስ አድርገው ይቁረሱት እንጂ" ትላለች አክስቴ።

"ካነሰ ምርመራው ላይ አይታይም አለ እኮ!"

"እንግዲያው ጨምሩላት፣ ምን አደርጋለሁ!"

ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት እኔን በመመረዝ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ታደሰ በቡናው መኪና አደረሰኝ። ሐኪሟ ሐበሻ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ባቄላ የምታክል ብረት አመጣች፤ ቀጭን ረጅም ቱቦ ተያይዞባታል። "ይህቺን ትውጫለሽ፤ አንጀትሽ ስትደርስ ቅንጣት ቆርጣ ትይዛለች፣ ከዚያ ስበን እናወጣታለን" አለችኝ። በግ በገመድ ሲታሰር አይቻለሁ፤ ሰው ከውስጥ ሲታሰር ግን ራሴን አየሁ። መዋጡስ ዋጥኩ፤ ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "እስክናወጣው ድረስ አታውሪ" አለችኝ።

እኔን! ቱቦው ከአፌ ወጥቶ ጉንጬ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፣ አጠገቤ የተኛችው በሽተኛ "ይህቺ ደግሞ በመንጠቆ ነው እንዴ ያጠመዷት?" ትላለች፣ መመለስ አልችልም። ታደሰ ደግሞ ዝምታዬን ሲያይ ድፍረት አገኘና እንዴት እንደተጋባን ለአስታማሚው ሁሉ ማውራት ጀመረ። ከሥር እስከ ጫፍ አዛብቶ! በእሱ አፍ ጠይቄ ያገባሁት እኔ ነኝ፣ መኪናው ላይ ዘልዬ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ዓይኔን ባፈጥጥበት "አመማት መሰለኝ" ይላል። ብረቷ አንጀቴን ስትቆርጥ አልተሰማኝም፤ ያ ወሬ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችን። "የአንጀትሽ ውስጡ እንደ ፎጣ ጠጉር ሊኖረው ይገባ ነበር። ያንቺ ተላጭቶ ለሽ ብሏል፤ ለዚህ ነው የበላሽው የማይጠቅምሽ። ሴሊያክ ይባላል። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃም ይቅርብሽ። ጤፍ ሳይቀየጥ፣ በቆሎ፣ ቆጮ፣ ቡላ እንደ ልብሽ። ከግሉተን መራቅ ነው፣ ጠጉሩ ይመለሳል።"

"ይህ ግሉተን የሚሉት ግን ምንድን ነው?" አልኳት። ስሜን ያጠፋውን ነገር በአካል ማወቅ ፈለግኩ።

"ሊጥ ሲቦካ እንዲያያዝ፣ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ነው። የተበተነውን ዱቄት አንድ የሚያደርገው፣ የሚያስተባብረው በይው።"

"የሚያስተባብረው?"

"አዎ። ሆድሽ እሱን ነው የማይቀበለው።"

እኔና ታደሰ ተያየን። በሩን እንደወጣን ጆሮዬ ሥር ገባ። "ይህቺን ዲላ ላይ አትተነፍሺያትም! ሆዷ መተባበርን አይቀበልም ከሚሉሽ ግለኛ ተብለሽ ብትኖሪ ይሻለናል።" እውነቱን ነው። በገዛ ፈቃዴ ግለኛ ሆኜ ተመለስኩ።

ቤት ስንደርስ ለሁለቱ ሴቶች ነገርኳቸው፤ ማስተባበሩን ዘልዬ። እኔ የፈራሁት ትሪው ነበር። ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ሰሃን ከቀረበልኝ ያው እንግዳ ነኝ፤ አክስቴም ይህን ስለምታውቅ ጓዜን አስተካክላ ነበር የጠበቀችኝ።

እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሡና ጓዳ ገቡ። ገብሱን፣ ስንዴውን፣ በሶውን፣ ቆሎውን እየጎተቱ በራፍ ላይ ከመሩት።

"ታደሰ፣ ይህን ለሚበላ ስጥ። እኔ ቤት ሁለት ትሪ አይቀርብም። ልጄ የማትበላውን እኔም አልበላም።" ወደ አክስቴም ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ጓዟን አስቀምጪና ቆጮ አጋገሩን አሳዪኝ።"

"እርስዎ? ቆጮ?"

"ገብስ ያሸነፈ ክንድ ቆጮ ያቅተዋል?"

አቃታቸው። የመጀመሪያው አረረ፣ ሁለተኛው ጥሬ ወጣ። ሦስተኛውን ቀርበን በአንድ ትሪ በላን። እማማ ለረጅም ጊዜ አላመጡ፣ ጣሪያውን እያዩ። "እንዴት ነው?" አለቻቸው አክስቴ። "ደግ ምግብ ነው፣ ቶሎ አልዋጥም ይላል እንጂ" አሉ። አክስቴ ይርጋጨፌ ስትመለስ ጓዜ እዚያው ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ጉንጬም ዲላ ላይ ሆኖ መሙላት ለመደ።

ኋላ አንድ ቀን ወንፊት ልዋስ ብዬ ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ በርጩማ ላይ እማማ ዘነበች ተቀምጠዋል፤ በሁለት እጃቸው የድፎ ዳቦ ቁራሽ ይዘው፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። መርዘኛ ናቸው ብላ ያስወራችባቸው እትዬ ብርቄ ራሷ ሌላ እየቆረሰች "ይብሉ እንጂ፣ ማን ያያል" ትላቸዋለች።

እግሬን በዝግታ መለስኩ። እስከ አጥሩ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ ጉሮሮዬ እስኪላጥ እየሳልኩ መጣሁ። ስደርስ እማማ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ከንፈራቸውን ጠርገው፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት የምሄደው ከሩቅ እየሳልኩ ሆነ። ሰፈሩ ደግሞ አዲስ ነገር ጀመረ፤ ሆዷስ ዳነ፣ ሳምባዋን ምን ነካው እያለ።